በነፃ የሚነበበው ምዕራፍ

ሰኞ 4

ዛሬ ደራሲ ሆንኩ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ አንድ ደንበኛ ማንም በማይኖርበት ቤት የውሃ ቆጣሪው እንዴት እንደሚሽከረከር በሁለት እጁ እያሽከረከረ ሲያስረዳኝ፣ ስልኬ ጢንግ አለና «እንኳን ደስ ያለዎት፣ መጽሐፍዎ ለሽያጭ ቀርቧል» የሚል መልእክት አመጣ። ፈገግ አልኩ። ደንበኛው «ይስቁብኛል እንዴ?» ብሎ በእኔ ላይ ሁለተኛ ቅሬታ አቀረበ። ተቀበልኩት፣ ቁጥር ሰጠሁት፣ ከሌሎቹ ጋር በክብር አስቀመጥኩት።

ለታሪክ ይመዝገብ፦ የመጽሐፉ ርእስ «ቅሬታዎን በጽሑፍ ያቅርቡ» ነው። በውሃ መሥሪያ ቤት የሃያ ሁለት ዓመት ቅሬታ ሰሚነቴ፣ በአስራ ሁለት ምዕራፍ። አስራ አንዱ ሳቅ ነው። አስራ ሁለተኛው የባለቤቴ ታሪክ ነው። አሳታሚዎች «በጣም ስቀናል፣ አናትመውም» ስላሉኝ ራሴ ጻፍኩ፣ ራሴ አረምኩ፣ ሽፋኑንም ራሴ ሣልኩ (የውሃ ቧንቧ ነው፤ ያየው ሁሉ ዝሆን ነው ይላል)፤ በስልክ መጽሐፍ በሚሸጥበት መደብር ላይም ራሴ ጫንኩት። ዋጋ፦ ሁለት መቶ ብር። አንገቱን የማይደፋ ዋጋ።

ሐሙስ 7

ሽያጭ ሁለት። አንዱን የገዛሁት እኔ ነኝ፤ መደብሩ ይሠራ እንደሆነ ለመፈተሽ። ሁለተኛው ማን እንደሆነ አላውቅም። ቅሬታ ይዞ የመጣውን ሰው ሁሉ «አንተ ትሆን?» እያልኩ በፍቅር ስመለከት ዋልኩ። ሰዎቹ ቶሎ ቶሎ ነው የወጡት።

እሑድ 10

ባለቤቴ መጽሐፉን ገና አላነበበችም። የምትሠራበት መነፅር ቤት ቆጠራ ላይ ነው፤ «ተረጋግቼ ነው የማነበው» ብላለች። እኔም አላስቸኩላትም።

ስለ አስራ ሁለተኛው ምዕራፍ አንድ ነገር ልጻፍ፤ ስምምነቱ በጽሑፍ አልሰፈረምና።

የዛሬ አስራ አንድ ዓመት ባለቤቴ በአንድ ሆስፒታል መድኃኒት ቤት ትሠራ ነበር። አንድ ቀን ለአንድ ሕፃን የማይገባውን ሽሮፕ ሰጠች። ልጁ ሌሊቱን ሲያስመልሰው አድሮ ዳነ፤ እሷ ግን ተባረረች። አማቴ ከእኛ ጋር ነው የሚኖሩት፤ «ልጄ መድኃኒት ቤት» ሳይሉ ዓረፍተ ነገር አይጨርሱም ነበር። ታዲያ ባለቤቴ ለስምንት ወር በየጠዋቱ ነጭ ጋዎኗን ለብሳ፣ እናቷ የቋጠሩላትን ምሳ ዕቃ አንጠልጥላ ወጣች። የምትሄደው ወደ አውቶቡስ መናኸሪያ ነበር። መጠበቂያ አዳራሹ ውስጥ እስከ አስራ አንድ ሰዓት ተቀምጣ «ከሥራ» ትመለሳለች። ቁጠባዋን በወር በወር እያወጣች ደሞዝ ታስመስላለች። ከስምንት ወር በኋላ አንድ ምሽት ነገረችኝ፤ ምንም ሳልጠረጥር የኖርኩት እኔ ደንግጬ አቀፍኳት። ብዙም ሳይቆይ መነፅር ቤቱ ቀጠራት። አማቴ እስከ ዛሬ የሚያውቁት ለደሞዝ ብላ ሥራ እንደቀየረች ነው።

ልጽፈው ወይ ብዬ ስጠይቃት ሁለት ቀን ዝም አለች። ከዚያ ልብስ እየተኮሰች፣ ቀና ሳትል፦

«ጻፈው። ግን መጨረሻ ላይ አድርገው።»

«ለምን መጨረሻ?»

«አስራ አንድ ምዕራፍ አብሮህ የተንገላታ ሰው የእኔን ቢያነብ ግድ የለም፤ ለምዶናል። መንገደኛ ግን አያንብብብኝ።»

ቃል ገባሁላት። እዚያው፣ ካውያው አጠገብ።

ማክሰኞ 12

ከኮምፒውተር ክፍል አንድ ባልደረባ አለን፤ ስትራቴጂ ነው የምንለው። ያለ እሱ ምሳ እንኳ አይወጣም፤ ማለቴ ያለ ስትራቴጂ። በየወሩ አንድ ትንሽ መጽሐፍ በስልክ ይሸጣል፤ ሁሉም ስለ ስኬት ናቸው። ገጼን ከፍቶ ሐኪም ኤክስሬይ እንደሚያይ አየውና ራሱን ነቀነቀ።

«ጋሼ፣ ዋጋዎ ኩሩ ነው።»

«እኔስ?»

«እርስዎማ ደራሲ ነዎት፣ ኩራት ያምርብዎታል። ዋጋ ግን ትሑት መሆን አለበት። ሰው መቶን ይፈራል፣ ዘጠና ዘጠኝን ያቅፋል።»

ዘጠና ዘጠኝ አደረግሁት። እስካሁን ያቀፈው የለም።

ዓርብ 15

አርባ ዘጠኝ። ዜሮ።

እሑድ 17

በስትራቴጂ ምክር ለሁለት ቀን ነፃ። ሦስት መቶ አርባ ሰው አወረደው! ለባለቤቴ እየጮህኩ ነገርኳት፣ ለአማቴ ነገርኩ፣ ለጥበቃው ነገርኩ። በኋላ ነው መደብሩ ስንት ገጽ እንደተነበበም እንደሚያሳይ የደረስኩበት። አስራ ስድስት። ሦስት መቶ አርባው ሁሉ ተደማምሮ አስራ ስድስት ገጽ። ሰው ነፃ ነገር ያገኘ እንደሆነ ይወስዳል እንጂ አይነካም።

አንድ አስተያየትም ተጽፏል። አንድ ኮከብ፦ «ስለ ቧንቧ ጥገና መስሎኝ ነበር። ደራሲው አታላይ ነው።»

ቢያንስ ቧንቧ መሆኑ ገብቶታል።

ማክሰኞ 19

ደክሞኛል። መጻፍ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ፤ ያን ጊዜ እንዲህ አልደከመኝም። አሁን ቀን ቅሬታ እሰማለሁ፣ በምሳ ሰዓት ዋጋ እቀይራለሁ፣ ማታ «ውድ ወዳጆቼ» ብዬ በየቡድኑ እለጥፋለሁ። ውድ ወዳጆቼ ከቡድኑ ይወጣሉ። አንዱ የክፍል ጓደኛዬ ከመውጣቱ በፊት «ይኸው ገዛሁህ፣ አሁን ተወኝ» ብሎ ጻፈልኝ። አረጋገጥኩ፤ አልገዛም።

ስትራቴጂ ዛሬ እንዲህ አለ፦

«ገዢ ከመግዛቱ በፊት የመጽሐፉን መጀመሪያ በነፃ ያነባል፤ ናሙና ይባላል። የእርስዎ ናሙና ምንድነው? የወረፋ ቁጥር አሰጣጥ! ጋሼ፣ ሱቅ በር ላይ የሚሰቀለው ቆንጆው ቀሚስ ነው። ከጻፉት ሁሉ ሰው የሚያስለቅሰው የቱ ነው?»

ሒሳብ ጠየቅሁ።

«አለ ማለት ነው» አለ፣ ሻዩን እያማሰለ።

ረቡዕ 20

የምዕራፎች ቅደም ተከተል ለአንባቢ ምቾት ሲባል ተከልሷል።

ሐሙስ 21

ለትክክለኛነቱ፦ አስራ ሁለተኛው ምዕራፍ አሁንም የሚጠራው «ምዕራፍ አስራ ሁለት» ተብሎ ነው። ቁጥሩን አልነካሁም። የተለወጠው የቆመበት ቦታ ብቻ ነው። መጽሐፉ በምዕራፍ አስራ ሁለት ይጀምርና ምዕራፍ አንድ ይከተላል። በመሥሪያ ቤታችንም ቢሮ ቁጥር ዘጠኝ ያለው ምድር ቤት ነው፤ ማንም ቅር ብሎት አያውቅም።

ማለት፣ ቅር ብሏቸዋል፤ መዝግበናል።

ዓርብ 22

ናሙናውን አንድ ሺህ መቶ ሰው አነበበው። በአንድ ቀን! ሰው ለሰው እየላከው ነው። አንዱ ሐያሲ ነኝ ባይ «ከመጨረሻው ምዕራፍ የሚጀምር ደፋር ስልት» ብሎ ጽፏል። አምስት ኮከብ፦ «እንዲህ ያለ ባል ይስጠን።» አምስት ኮከብ፦ «ሲያቅፋት አውቶቡስ ውስጥ አለቀስኩ።» ሌላዋ ደግሞ «ምንም ሳልጠረጥር የኖርኩት እኔ» የሚለው ቦታ ላይ ስትደርስ ልቧ እንደተሰበረ ጻፈችልኝ። አመሰግናለሁ ብዬ መለስኩላት።

የተሸጠው ግን ዘጠኝ ነው። የባለቤቴን አንብበው፣ አልቅሰው፣ አፍንጫቸውን ጠርገው፣ የእኔን ሳይገዙ ይሄዳሉ።

እሑድ 24

«መጽሐፍህ እንዴት ሆነ?» አለችኝ ባለቤቴ።

«እየተንቀሳቀሰ ነው።»

ደስ አላት። የምሯን ነው ደስ ያላት፤ ያ ነው ያስቸገረኝ። ከመነፅር ቤቱ አዲስ የማንበቢያ መነፅር አሠርታ አመጣችልኝ፤ «ደራሲ ሰው ዓይኑን እያጨነቆረ አይጽፍም» አለች። አማቴ ከወንበራቸው ሆነው፦

«ለመሆኑ ስለ ምንድነው የጻፍከው አንተ ልጅ?»

«ስለ ቧንቧ ነው እማማ።»

«ስለ ቧንቧ ይኼን ሁሉ ገጽ?»

«ረጅም ቧንቧ ነው» አለች ባለቤቴ፣ ተሳሳቁ።

ነገ እመልሰዋለሁ። ምዕራፉን ማለቴ ነው።

ሰኞ 25

አልመለስኩትም። ዛሬ አርባ ተሸጠ። ስትራቴጂ ኮሪደር ላይ አቀፈኝ። «አሁን ነው ዋጋ መጨመር! ሰው እንባ ላይ እያለ አይከራከርም።» መቶ አርባ ዘጠኝ።

እስከ ዓርብ ብቻ ይቆይ። ዓርብ እመልሰዋለሁ።

ረቡዕ 27

እንዳለ ልጻፈው።

ባለቤቴ ከሥራ ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ ወጥ ቤት ተቀመጠች። ድምፅዋ የተለመደው ነው፤ ስለ ታክሲ ሰልፍ የምታወራ ነው የሚመስለው።

«ዛሬ አንዲት ሴትዮ የማንበቢያ መነፅር ልትሞክር መጣች።»

«እሺ።»

«ሰው መነፅር ሲሞክር ስልኩን ነው የሚያነበው፣ ታውቃለህ። "ይታይዎታል?" አልኳት። "ቁልጭ ብሎ!" አለችና ጮክ ብላ አነበበችልኝ። "በየጠዋቱ ነጭ ጋዎኗን ለብሳ፣ እናቷ የቋጠሩላትን ምሳ ዕቃ አንጠልጥላ" እያለች።»

የውሃ ብርጭቆ ይዤ ነበር። አስቀመጥኩት ወይስ አላስቀመጥኩትም፣ አላስታውስም።

«ባንኮኒው ላይ ሌሎች ሁለት ደንበኞች ነበሩ። እነሱም ሰሙ። "አይ አለመታደል!" አሉ። እኔ የመነፅሩን ጆሮ እያስተካከልኩላት ነበር። "ላላ ወይስ ይጥበቅ?" እያልኩ።»

«ስሚኝ፣ እኔ እኮ—»

«ገና ነው። "መጽሐፉን ጨርሰው ነው እዚህ የደረሱት?" ብዬ ጠየቅኋት። እንደዚያ ብትሆን ብዬ። "ኧረ ይሄማ በነፃ የሚነበበው ነው፣ ሌላውን አልገዛሁትም" አለችኝ።»

ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«የእኔን በነፃ፣ የራስህን በዘጠና ዘጠኝ?»

«መቶ አርባ ዘጠኝ» አልኳት።

ምን ቆርጦኝ እንዳረምኳት እግዜር ይወቅ። የሃያ ሁለት ዓመት ልማድ ነው፤ ቅሬታ አቅራቢ ቁጥር ከተሳሳተ አስተካክላለሁ። ጫማዋን አወለቀች፣ ቀጥ አድርጋ አስቀመጠችው፣ እናቷ ክፍል ገባች።

ሐሙስ 28

መለስኩት። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ ምዕራፍ አስራ ሁለት ከምዕራፍ አስራ አንድ በኋላ ቆሟል። ግን ያወረደው ሰው ስልክ ላይ እንደነበረው ነው። ከየስልኩ ይሰብስብልኝ ብዬ ለመደብሩ ጻፍኩ። መልስ፦ «ቅሬታዎ ደርሶናል። ቁጥርዎ 40118 ነው። እባክዎ ተራዎን ይጠብቁ።»

አጻጻፉ ጥሩ ነው። እኔም እንዲሁ ነው የምጽፈው።

ባለቤቴ ያደረችው እናቷ ጋ ነው። አማቴን ወገባቸውን አሟቸዋል፣ የሚያሽላቸው ሰው ያስፈልጋል።

ቅዳሜ 30

የአማቴ ወገብ እስከ አሁን አልተሻለውም። ገበያ ደርሰው፣ ሁለት ዘንቢል ተሸክመው፣ በእግራቸው ተመልሰዋል።

ከሰዓት በኋላ ባለቤቴ ራሷ ነገረቻቸው። ከጎረቤት አፍ ከመስማታቸው በፊት ብላ ይመስለኛል። እኔ ኮሪደር ላይ አምፖል እቀይር ነበር። አምፖሉ አልተቃጠለም ነበር።

አማቴ፦

«ምሳሽን የት ትበዪ ነበር?»

«እዚያው ነዋ እማዬ፣ ወንበሩ ላይ።»

«ቀዝቃዛውን?»

«ቀዝቃዛውን።»

«እኔ እኮ ሥራ ቦታ ታሞቂዋለሽ ብዬ ነው ወጡን ወፈር የማደርገው።»

ከዚያ የሰማሁት ለቅሶ ይሁን ሳቅ አልለየሁትም፤ የሁለቱም ነበር። አምፖሉን መልሼ አሰርኩት።

ሰኞ 2

አማቴ ለሁለት ቀን አላናገሩኝም። ዛሬ ጠዋት በሩ ላይ አስቆሙኝ።

«አንተ ልጅ።»

«አቤት እማማ።»

«ስለ ቧንቧ ነው ብለኸኝ ነበር።»

«አዎ።»

«እሺ» አሉ፣ መንገድ ለቀቁልኝ። ስድብ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ስድብ ይመዘገባል።

ማክሰኞ 3

ስትራቴጂ ወረፋ ሳይጠብቅ ገባ። ፊቱ የሐዘንተኛ ነው።

«ጋሼ፣ ሽያጩ ቆመ! ናሙናውን ቀየሩት እንዴ? በወረፋ ቁጥር ነው አሁን የሚጀምረው!»

«ድሮም በወረፋ ቁጥር ነው የሚጀምረው።»

«በሚነድ ምድጃ ላይ ውሃ ደፉበት!» ትንሽ አሰበና ፊቱ በራ። «ግን ግን... ባለቤትዎ አንብበውታል? ተቀይመዋል? እሱ ራሱ ሁለተኛ ክፍል ይወጣዋል እኮ። የይቅርታው ታሪክ። ቅድመ ሽያጭ እንከፍታለን!»

የወረፋ ቁጥር እንዲወስድ ነገርኩት። ወሰደ። አስራ ሰባት። ተራው ሲደርስ ምሳ ወጣሁ።

ሐሙስ 5

ባለቤቴ እሑድ እህቷ ዘንድ ትሄዳለች፤ ሌላ ከተማ፣ የአምስት ሰዓት መንገድ። አማቴም አብረው ይሄዳሉ። ለስንት ቀን እንደሆነ አልተነገረኝም፤ ሻንጣው ግን ትልቁ ነው።

መጽሐፉን ከሽያጭ አነሳሁት። ሙሉውን። መደብሩ ምክንያት ምረጥ አለኝ፦ ዋጋ ለማስተካከል፤ ሽፋን ለመቀየር፤ የሌላ ሰው ንብረት ስለያዘ። ሦስተኛውን ነካሁ። «እርግጠኛ ነዎት?» አለኝ። ይህን ጥያቄ የዛሬ ሁለት ሳምንት፣ ምዕራፉን ወደ ፊት ሳመጣ፣ ሊጠይቀኝ ይችል ነበር። ያኔ «ተሳክቷል!» ብሎ አረንጓዴ ምልክት ነው የሰጠኝ።

ለባለቤቴ ነገርኳት። «እሺ» አለች። ብዙ ሺህ ሰው «እሺ» ሲለኝ ሰምቻለሁ፤ እሺ ብሎ የሚሄድና እሺ ብሎ የሚመለስ ሰው በድምፁ ይለያል። የእሷን አልለየሁትም።

እሑድ 8

ሻንጣውን ይዤ መናኸሪያ ሸኘኋቸው። አማቴ ትኬት ሊያሳዩ መስኮቱ ጋ ሲሄዱ ባለቤቴ መጠበቂያ አዳራሹ ውስጥ ገብታ፣ ቦታ ሳታማርጥ፣ ቀጥ ብላ ሄዳ ከግድግዳው በኩል አንድ ወንበር ላይ ተቀመጠች። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«እዚህ ነበር» አለች።

«ከሰዓቱ ሥር መስሎኝ...»

«ከሰዓቱ ሥር ብለህ ጽፈሃል፤ አነበብኩት። ከሰዓቱ ሥር ንፋስ አለ፤ አንድ ቀን ብትቀመጥበት ታውቀው ነበር።»

«ሙሉውን አነበብሽው?»

«አስራ አንዱንም። ያስቃል።» ይህን ስትል አልሳቀችም፤ ግን ለማስከፋት አልነበረም። ጉልበቷ ላይ ያለውን ቦርሳ አስተካከለች። «አንድ ነገር ግን ጎድሎታል።»

«ምን?»

«በሦስተኛው ወር። አንድ ማክሰኞ ወንድምህን ልትሸኝ መጣህ። በዚያ በር ገባህ፤ ይዘንባል፣ ሰማያዊ ጃንጥላ ይዘሃል። አየኸኝ። ጋዎኔን አየህ፣ ምሳ ዕቃዬን አየህ። አሁን ይመጣል ብዬ ተነሣሁ። ጃንጥላውን አዳራሽ ውስጥ ዝቅ አድርገህ፣ ፊትህን ከልለህ ወጣህ።»

ድምፅ ማጉያው የአንድ አውቶቡስ ቁጥር ጠራ። የእነሱ አልነበረም።

«ማታ ስገባ "ሥራ እንዴት ዋለ?" አልከኝ። ደህና ዋለ አልኩህ። በማግስቱም ጠየቅከኝ። አምስት ወር ሙሉ፣ በየማታው፣ እንዴት ዋለ እያልክ ጠየቅከኝ። በመጨረሻ የነገርኩህ እኮ ደክሞኝ ነው። አንተ እንዳትደክም ብዬም ነው።»

ደንበኛ ተናግሮ ሲጨርስ የምለው «ገብቶኛል፣ ተመዝግቧል» የሚል ነገር አለኝ፤ እሱም አልወጣልኝ አለ። አማቴ መጡ፣ አውቶቡሱ ተጠራ፣ ሻንጣውን አስጫንኩ። «ስትደርሱ ደውይ» አልኳት። «እማዬ ትደውልልሃለች» አለች። አማቴ ከመስኮቱ እጃቸውን አወጡና ተመልሰው አስገቡት፤ ለመሰናበት ይሁን ዝናቡን ለማየት አላውቅም።

በእግሬ ተመለስኩ። ቤቱ ውስጥ ማንም የለም። ይህን ደብተር የሚያነበው የለም፤ ዋጋ የለው፣ ናሙና የለው። ስለዚህ ለትክክለኛነት ያህል አንድ ነገር ላስተካክል፦

ጃንጥላው ሰማያዊ አልነበረም። ጥቁር ነበር።